የታመመ አደራ

በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የመሰነባበቻ ሰሞን ምን እንደሚመስል ያውቃል። ለዓመታት ሲጠበቅ የኖረው የጉዞ ቀን በድንገት ይቆረጥና ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ የሚሄደው ቤተሰብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤቱን ማፍረስ ይኖርበታል። ምንጣፉ ለአንዱ፣ ረከቦቱ ለሌላው፣ ምድጃው ለሦስተኛው ይታደላል። በመጨረሻ ተሸጦ የማይሸጥ፣ በሻንጣም የማይከተት አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም በመስኮቱ ደፍ ላይ ተጋድማ የቤቱን መተራመስ በግማሽ ዓይኗ የምትመለከተው ድመት ናት።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንዲት ሴት ትታሰብ። ተጓዥዋ ጎረቤቷ ድመቷን በቅርጫት አድርጋ፣ የተረፈውን የምግብ ከረጢት ጨምራ ታመጣላታለች። «አታስቸግርሽም፤ አደራሽን» ትላታለች። ተቀባይዋም «ምንም አይደል፣ በሰላም ግቡ» ብላ ትረከባታለች። ሳምንት ሳይሞላ ድመቷ የበላችውን ማስመለስ ትጀምራለች፤ ተቅማጥም ይከተላል። መጀመሪያ ላይ የቤት ለውጥ ያመጣው ድንጋጤ ይመስላል። ወር ሲያልፍ ግን ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። የእንስሳት ሐኪሙ ጀርባዋንና ጎኗን ዳብሶ፣ ሥጋዋ የሟሸሸው በአንድ ወር እንዳልሆነ ይናገራል። ተቀባይዋ ስልክ ትደውላለች። ከባሕር ማዶ፣ ከጥቂት ዝምታ በኋላ፣ «አዎ፣ አልፎ አልፎ እንኳ ያማት ነበር» የሚል መልስ ይመጣል።

ይህ ትንሽ ታሪክ ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ንብረት አልጠፋበትም። ይሁንና በዚያች አጭር የስልክ ዝምታ ውስጥ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቃቸው የኖሩ ጥያቄዎች ታጭቀዋል። ሳይነገረው ሸክም የተጫነበት ሰው ሸክሙን የመሸከም ግዴታ አለበትን? ውለታ የማይመልስ ፍጡር ምን ይገባዋል? ደግሞስ ሰው በሚራብበት ከተማ ለድመት አንጀት ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?

ጥያቄዎቹን ከመመርመር በፊት ሕመሙ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የድመት ትውከት ወይም ተቅማጥ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በአገራችን ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ጃርዲያ በድመትም አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ሌሎችም ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ። አንዳንዷ ድመት የሚያውካት የምታገኘው የሥጋ ዓይነት ነው፤ ዶሮ ቀርቶ ጥንቸል ወይም ሌላ ከዚህ በፊት ቀምሳው የማታውቀው ሥጋ ሲሰጣት ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ይታይባታል። በሌላይቱ ላይ ግን የሰውነቷ መከላከያ ኃይል በገዛ አንጀቷ ግድግዳ ላይ ይነሣና ብግነት ይፈጥራል፤ ለዚህም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ ይታዘዛል። የተጎዳ አንጀት ቫይታሚን ቢ 12ን በሚገባ መምጠጥ ስለማይችል ቫይታሚኑ በየጊዜው በመርፌ ከቆዳዋ ሥር ይሰጣታል። በዕድሜ በገፉ ድመቶች ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ከብግነቱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ከአንጀቷ ናሙና ተወስዶ በማጉያ መነጽር ታይቶም ሁለቱን መለየት የሚያዳግትበት ጊዜ አለ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጉዳዩ ወሳኝ ነው። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ይያዛል እንጂ አይድንም። አስታማሚው የሚገባው ለአንድ ሌሊት ጭንቀት አይደለም፤ ለዓመታት ተመሳሳይ ሥራ ነው። በየማለዳው የአሸዋውን ሣጥን ማየት፣ የበላችውን መመዘን፣ ክኒኑን በጉሮሮዋ ማሳለፍ፣ ያስመለሰችበትን ቀን መመዝገብ፣ ምንጣፍ ማጠብ የዘወትር ተግባሩ ይሆናል። ድመት ለተከታታይ ቀናት እህል ከተወች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ለሞት ሊያደርሳት ስለሚችል «ነገ ትበላለች» ብሎ መተውም አይቻልም። የጀግንነት ሥራ ተመልካች አለው፤ ይህኛው የለውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለከተው ሰጪዋን ነው። እርሷን አታላይ ብሎ ማለፍ ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን እውነቱን ብትናገር ኖሮ ድመቷን የሚቀበላት ላይገኝ እንደሚችል ታውቅ ነበር። በአንድ በኩል እውነት፣ በሌላ በኩል የምትወዳት ፍጡር በጎዳና ላይ መጣል ተደቅነውባት፣ ዝምታን መረጠች። ዝምታዋ ከርኅራኄ የመነጨ ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም ይህ ርኅራኄ ዒላማውን የሳተ ነው። በገበያ እንኳ በቅሎ የሚሸጥ ሰው የምትራገጥ እንደሆነች መናገር እንዳለበት የታወቀ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ደንግጓል። በነጻ የሚሰጥ ሰው ግን ሻጭ ስላልሆነ ራሱን ከዚህ ግዴታ ነጻ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። የበቅሎዋ ጉድለት ሲደበቅ የሚጎዳው ገዢው ነው፤ የድመቷ ሕመም ሲደበቅ ግን ከሁሉ በፊት የምትጎዳው ድመቷ ራሷ ናት። ምን በልታ እንደታመመች፣ የትኛው መድኃኒት እንደረዳት፣ የትኛው ሥጋ እንዳልተስማማት የምታውቀው አንዲት ሰው ናት፤ እርሷም እውቀቷን ይዛ በአውሮፕላን ሄደች። ሐኪሙ ያንን ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል፤ ተቀባይዋም ለደግነቷ ብላ ወተት ትሰጣታለች። ድመት ወተት ትወዳለች እየተባለ ቢነገርም የብዙ አዋቂ ድመቶች አንጀት በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር መፍጨት አይችልም። ስለዚህ ሰጪዋ ድመቷን ለማትረፍ የደበቀችው እውነት ድመቷን ለማዳን ያስፈልግ የነበረው እውነት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የተቀባይዋ ነው። «ጤነኛ ድመት ነበር የተቀበልሁት፤ የታመመች አይደለም» ልትል ትችላለች። ክርክሯ ጠንካራ ነው። ፈቃድ በእውቀት ላይ ካልቆመ ፈቃድ አይባልምና፣ በውል ዓይን ሲታይ ያልተስማማችበት ነገር ሊያስገድዳት አይገባም።

ነገር ግን በመካከላቸው የተባለው ቃል «ውል» አልነበረም፤ «አደራ» ነበር። አማርኛ እነዚህን ሁለት ቃላት አያደባልቃቸውም። ውል ሁለት ወገን ያተርፍበታል። ለምሳሌ በገጠር ላም በርቢ ሲሰጥ ተቀባዩ ወተቱን ያልባል፣ ከውላጇም ይካፈላል፤ ድካሙ ዋጋ አለው። አደራ ግን ትርፍ የለውም። «በሰማይ በምድር» ተብሎ ምስክር የሚጠራበትም ምክንያት ይኸው ይመስላል፤ ጠባቂው እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ጥቅም ስለሌለ ሰማይና ምድር መጠራት ነበረባቸው። አደራውን ያጠፋ ሰው «አደራ በላ» ሲባል ስድቡ ከሌባ የማይተናነሰውም ለዚህ ነው።

ከዚህም በላይ፣ በሁለቱ ሴቶች መካከል የተፈጸመው በደል የሁለቱ ሴቶች ጉዳይ ነው። ድመቷ አልዋሸችም። ወደ ቅርጫቱ የገባችው ተይዛ ነው፤ ወደ አዲሱ ቤት የመጣችው ሳትጠየቅ ነው። የሰጪዋ ጥፋት ዕዳ ካለው ዕዳው ከድመቷ ሰውነት ላይ ሊቆረጥ አይችልም።

በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ድመቶች በየመስጊዱ ደጅና በየጀልባ ማቆሚያው እንደልባቸው በሚመላለሱባት በላሙ ደሴት፣ እንዲሁም በሐረርና በጅቡቲ፣ ሙስሊሞች ከልጅነት ጀምሮ የሚሰሙት አንድ የነቢዩ ትምህርት አለ። ቡኻሪና ሙስሊም በመዘገቡት በዚህ ሐዲስ አንዲት ሴት በድመት ምክንያት ለቅጣት ትዳረጋለች። ጥፋቷ ድመቷን አለመመገቧ ብቻ አይደለም፤ አስራ ይዛት ነበርና ወጥታ በራሷ አድና እንዳትበላም ከለከለቻት። ትምህርቱ በዓለም ያለውን ድመት ሁሉ መግቡ አይልም። በር የዘጋህባት ፍጡር ግን ከአንተ በቀር መሄጃ እንደሌላት አስብ ይላል። የክርስቲያኑም መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅን ከኃጥእ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱን የሚያስቀምጠው ሰውየው ለእንስሳው ባለው አሳብ ላይ ነው፤ ሲያስቀምጠውም ስለ ገዛ እንስሳው ይናገራል።

በዘመናችን ፈላስፎች መካከል ክሌር ፓልመር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው መጽሐፍ ለዚህ ቅርብ የሆነ አሳብ ታራምዳለች። በዱር ላለ እንስሳ ዋናው ግዴታችን አለመጉዳት ነው፤ ሰው ራሱ ጥገኛ ላደረገው እንስሳ ግን የመርዳት ግዴታ ይጨመራል ትላለች። የድመት ታሪክም ይህን ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ግኝት በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብራ ተገኝታለች። ቅድመ አያቷ የሆነችው የዱር ድመት ዛሬም በኢትዮጵያና በኬንያ ሜዳዎች አይጥ እያደነች ትኖራለች፤ ማንም አደራ የለባትም። በአፓርታማ አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ዘመዷ ግን ራት የምታገኘው አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሲመለስ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተፈጥሮ አይደለም፤ በሩን የሠራው ሰው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በተቀባይዋ ቤት የምትሠራ ሴት ትኖር ይሆናል። ንጋት ላይ ከሩቅ ሰፈር በእግሯ ተነሥታ ትመጣለች፤ ትውከቱን የምትጠርገው፣ የአሸዋውን ሣጥን የምታጥበውም እርሷ ናት። አንድ ቀን የታሸገውን የድመት ምግብ ዋጋ የሚነግር ደረሰኝ በጠረጴዛ ላይ ታያለች። ምንም አትናገርም። ግን ልጇን ሐኪም ዘንድ ያላቀረበችበት ገንዘብ በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ይህን ተቃውሞ በቀላሉ መመለስ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1789 ጄረሚ ቤንታም እንስሳት ማሰባቸውና መናገራቸው ሳይሆን መሠቃየታቸው ዋናው ጥያቄ መሆኑን በመጻፉ ይታወቃል። አሳቡ እውነት ነው፤ ሆኖም ሥቃይ ብቻ ሚዛን ከሆነ የሠራተኛዋ ልጅ ሥቃይ በዚያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ያዘነብላልም። ከእርሱ ዘመን ሰዎች አንዱ የነበረው ካንት ደግሞ ለእንስሳት በቀጥታ ግዴታ የለብንም፣ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ግን ልቡ በሰውም ላይ ይደነድናልና መጠንቀቅ አለብን ሲል አስተምሯል። ይህም በከፊል ሲያጽናና በከፊል ያሳፍራል። ለድመቷ ሲሉ የራሩ እጆች ለሠራተኛዋ ደመወዝ ሲቆነጥሩ ይታያሉና፣ ርኅራኄ ከእንስሳ ወደ ሰው በራሱ አይሻገርም።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? በመጀመሪያ ንጽጽሩ በቅንነት ይደረግ። ድመቷ ላይ የወጣውን ገንዘብ የሚቆጥር ሰው በሠርግ ቪዲዮ፣ በአዲስ ስልክ፣ በእሑድ ግብዣ ላይ የወጣውን አይቆጥርም። የድሀው ስም የሚነሣው ለድመቷ ገንዘብ ሲወጣ ብቻ ከሆነ ተናጋሪውን ያስቆጣው የድሀው ረኀብ አይደለም። ነገር ግን ይህ መልስ ለሐሜተኛው እንጂ ለሠራተኛዋ አይሆንም። ለእርሷ የሚገባት መልስ በቃል የሚሰጥ አይደለም። አደራውን የተቀበለችው እመቤቲቱ ናትና ሸክሙም የእርሷ መሆን አለበት። ትውከቱን ራሷ ትጥረግ፤ ሠራተኛዋ የምታግዝ ከሆነም ይህ ተጨማሪ ሥራ መሆኑ ይታወቅላትና ይከፈላት። የልጇ መታመም ሲሰማ ደግሞ ከድመቷ ቀጠሮ ይቅደም። በሌላ ሰው ጀርባ ላይ የተጫነ ርኅራኄ ባለቤቱን አያስመሰግንም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አደራ መጠበቅ ማለት ማንኛውንም ዋጋ መክፈል ማለት አይደለም። ሐኪሙ ውድ ምርመራ ከማዘዙ በፊት በትንሽ ወጪ የሚደረጉ ነገሮች አሉ። ሰገራዋን ማስመርመር፣ አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ለሳምንታት ለይቶ መስጠት፣ ከጠረጴዛ የሚወረወረውን ቁራሽ ማስቆም፣ ውኃዋን ንጹሕ ማድረግ ከአብዛኛው ቤት አቅም በላይ አይሆኑም። ሥጋ ብቻ ለረጅም ጊዜ የተሟላ ምግብ ስለማይሆን ከሐኪሙ ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ሐኪም ባለበት ከተማ የቫይታሚን መርፌውና ክኒኑ በአብዛኛው ሊገኙ ይችላሉ። ለአጽዋማትም ማሰብ ይገባል። ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት፤ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። በሃምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቤተሰቡ ሽሮ ሲበላ እርሷንም ሽሮ በእንጀራ ማብላት፣ ያልገባችበትን ስእለት እንድትከፍል ማድረግ ነው። ከአቅም በላይ የሆነውን አለማድረግ አደራ መብላት አይባልም፤ በአቅም ውስጥ ያለውን በመሰልቸት መተው ግን ይባላል።

መሰልቸት የሚለው ቃል የነገሩ እምብርት ነው። ሰው የታመመን ለመርዳት የሚበረታው መዳን ሲታይ ነው። እዚህ መዳን የለም፤ ምስጋናም የለም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ድመትን አመሏን የማትለውጥ ፍጡር ምሳሌ አድርጎ ኖሯል፤ በእርግጥም ክኒን የምትውጥ ድመት እጅ ትቧጭራለች እንጂ እጅ አትስምም። ደግ ሥራ ውለታን የሚጠብቅ ከሆነ በዚህ ቤት ከሦስተኛው ሳምንት አያልፍም። ያለፈ እንደሆነ ግን አስታማሚዋ ስለ ራሷ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ቃሏ በጥቅም ላይ የቆመ አልነበረም። ይህን በሌላ መንገድ ማወቅ ቀላል አይደለም፤ በሰው ዘንድ የሚደረግ ደግነት ሁሉ ከምስጋናና ከዝና ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ።

ለዚህም ቢሆን ድንበር አለው። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል፣ ድመቷ ቀን ከቀን ስትከሳ፣ ገላዋን መላስ ስትተው፣ ከአልጋ ሥር ወጥታ አልበላ ስትል፣ ክኒኑን መጨመር ለእርሷ ሳይሆን ለአስታማሚዋ ሕሊና የሚደረግ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ያለ ሥቃይ በመርፌ ማሳረፍን ያነሣል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ነፍስን የሚወስድ ሰጪዋ ብቻ ነው በማለት ይህን ቃል ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል፤ መሰቀጠጡም ሊከበር ይገባዋል። ሆኖም ከዚህ ሽሽት ድመቷን በጆንያ አድርጎ ሩቅ ገበያ ላይ መልቀቅ ደምን ከእጅ አያነጻም፤ ሞቷን ማራዘምና ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ውሳኔ የማንን ድካም ያሳርፋል? መልሱ «የእርሷን» ከሆነ ሰው ከነኀዘኑ ሊወስነው ይችላል፤ «የእኔን» ከሆነ ግን ቀኑ ገና አልደረሰም።

በምሳሌው ያለችው ሴት ከነድመቷ ሁለት ዓመት ታሳልፍ። ድመቷ አልዳነችም፤ ግን ሰውነቷ ተመልሷል፣ በወር አንድ ጊዜ መርፌዋን ትወጋለች፣ በመስኮቱም ደፍ ላይ ትተኛለች። ከዚያ ተራው የተቀባይዋ ይሆናል፤ የእርሷም የጉዞ ቀን ይቆረጣል። ምንጣፉ ይታደላል፤ ቅርጫቱም ይወጣል። አሁን ሰጪዋ እርሷ ናት። እውነቱን ብትናገር የሚቀበል እንዳይጠፋ ያ የጥንቱ ፍርሃት እርሷንም ይይዛታል፤ የጎረቤቷን ዝምታ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ ትረዳው ይሆናል። ቢሆንም አንድ ደብተር አውጥታ ትጽፋለች። ዶሮ አይስማማትም፤ ጥንቸል ይስማማታል። ወተት በፍጹም አይሰጣት። ክኒኑ ጠዋት ነው፤ መርፌው ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት። ሁለት ቀን ካልበላች አትጠብቁ፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት። በገጹ ግርጌም ወደፊት የምትገኝበትን የስልክ ቁጥር ታሰፍራለች።

ሁለት ሰዎች ደብተሩን አይተው ይመልሱታል። ሦስተኛው ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ያነበውና፣ ክኒኑ እንዴት እንደሚሰጥ እንድታሳየው ይጠይቃታል።